«የአዳኙ ሌሊት»፦ ሐያስያን በ1955 የገፉት ፊልም

የወንዝ ዳር እንዲህ ጻፈ፦

ትናንት ማታ «የአዳኙ ሌሊት»ን (The Night of the Hunter) ለአራተኛ ጊዜ አየሁት። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ፊልሙ በወጣበት ሰሞን የተጻፈበትን ሒስ አነበብኩ። ሁለቱ አልገጥም አሉኝ። ቀኑን ሙሉ ሲከነክነኝ ስለዋለ እዚህ አምጥቼዋለሁ። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፊልሙን ላላያችሁ፦ ጊዜው 1930ዎቹ ነው፤ አሜሪካ ሥራ የጠፋባት፣ ልጆች ምግብ ፍለጋ በየመንገዱ የሚንከራተቱባት ዘመን። ቦታው በዌስት ቨርጂኒያ፣ በኦሃዮ ወንዝ ዳር ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ቤን ሃርፐር የተባለ አባት ድህነቱ አንገሽግሾት ባንክ ይዘርፋል፤ ሁለት ሰው ይገድላል። ፖሊሶች ሳይደርሱበት 10,000 ዶላሩን በትንሿ ልጁ በፐርል አሻንጉሊት ሆድ ውስጥ ይከትና ወንድሟን ጆንን ያስምለዋል። እህትህን በነፍስህ ጠብቅ፤ ስለ ገንዘቡ ለማንም አትናገር፤ ለእናትህም ቢሆን። አባትየው በስቅላት ይቀጣል። እስር ቤት አብሮት የነበረው ሃሪ ፓወል ግን ሰውየው በእንቅልፍ ልቡ ሲያወራ ሰምቶታል። ፓወል ራሱን ሰባኪ ብሎ የሚጠራ፣ መበለቶችን እያገባ የሚገድል ሰው ነው። በአንድ እጁ ጣቶች ላይ «ፍቅር»፣ በሌላው ላይ «ጥላቻ» ተነቅሷል። እንደተፈታ የልጆቹን እናት ፍለጋ ይመጣል።

የኒው ዮርክ ታይምሱ ቦዝሊ ክራውዘር የፊልሙን ድፍረት አመስግኖ ነበር። ልጆቹ ከቤት ከሸሹ በኋላ ግን ነገሩ ወደ በጎና ክፉ ምሳሌያዊ ፍልሚያ ዞሮ ተበላሸ አለ። የመዝናኛ ጋዜጣው ቫራይቲም ፊልሙ የተቀዳበት ልቦለድ ሽብር ከሠሪዎቹ እጅ አምልጧል ብሎ ጻፈ። ተመልካቹም አልመጣም። ለኦስካር በአንድ ዘርፍ እንኳ አልታጨም። አዘጋጁ ቻርልስ ላውተን፣ ያ ስመ ጥር ተዋናይ፣ ከዚያ ወዲያ አንድም ፊልም ሳያዘጋጅ በ1962 ሞተ። የመጀመሪያውም የመጨረሻውም ይኸው ሆኖ ቀረ።

የእኔ እምነት ሐያስያኑ ፊልሙን በአዋቂ ቁመት ቆመው አይተውታል የሚል ነው። ፊልሙ ግን የተሠራው በልጅ ቁመት ነው። አንድ ትዕይንት ብቻ ልጥቀስ። ጆን ማታ አልጋ ላይ ለእህቱ ተረት ይነግራታል። በአፍሪካ በቤተ መንግሥት ይኖር ስለነበረ ባለጸጋ ንጉሥ ነው። ንጉሡን ክፉ ሰዎች ወሰዱት፤ ከመወሰዱ በፊት ልጁን ወርቁን ጠብቅ አለው። «ብዙም ሳይቆይ ክፉዎቹ ሰዎች ተመልሰው መጡና...» ይላል ልጁ። እዚያው ላይ የባለ ባርኔጣ ሰው ጥላ ግድግዳውን ሞልቶ ይቆማል። ጆን ወደ መስኮቱ ሄዶ ያያል። ውጭ፣ ከመንገድ መብራቱ ሥር፣ አንድ ሰው ቆሟል። ሌላ ምንም የለም። አዋቂ «መብራቱ እዚያ ሆኖ ጥላው እንዴት እዚህ ይደርሳል?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ልጅ አይጠይቅም። ለልጅ ተረቱ ራሱ በሩ ላይ ደርሷል።

እናንተስ ምን ትላላችሁ?

ጥቁርና ነጭ እንዲህ ጻፈ፦

ወንድሜ፣ ነጥብህ ደስ ይለኛል፤ ግን ሐያስያኑን ብቻ አትውቀስ። በ1955 ሲኒማ ቤቶች ከቴሌቪዥን ጋር ግብግብ ይዘው ነበር። መሣሪያቸው ቀለምና ሰፊ ስክሪን ነው። በዚያ መሃል ላውተን በጥቁርና ነጭ፣ ያውም በድምፅ አልባው ዘመን ቋንቋ የተሠራ ፊልም ይዞ መጣ። ከቀረጻው በፊት ኒው ዮርክ በሚገኘው የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም የድምፅ አልባው ዘመን አዘጋጅ የግሪፍዝን የቆዩ ፊልሞች እያስመጣ ሲያይ ነበር። የግሪፍዝን ተዋናይት ሊልያን ጊሽንም ከእነዚያ ፊልሞች ወስዶ እዚህ አስገባት። ለእሷ የነገራት ምክንያት ይነካኛል። ድሮ ሰው ሲኒማ ሲያይ ወደ ፊት አዘንብሎ፣ ቀጥ ብሎ ይቀመጥ ነበር፤ ዛሬ ተንጋሎ ፈንዲሻ ይበላል፤ እንደገና ቀጥ ብሎ እንዲቀመጥ እፈልጋለሁ አላት።

ስለ ብርሃኑ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ካሜራውን የያዘው ስታንሊ ኮርቴዝ ነው። የእናትየዋን፣ የዊላን መኝታ ቤት አስታውሱ። ጣሪያው እንደ ጸሎት ቤት ወደ ላይ ሾሏል፤ አልጋው መሠዊያ ይመስላል፤ እሷ እጆቿን አጣጥፋ ተጋድማለች፤ ቢላዋው ይነሳል። ኮርቴዝ ያን ትዕይንት ሲያበራ በልቡ የሙዚቃ ደራሲውን የሲቤሊየስን ሐዘንተኛ ዋልስ (የዳንስ ዜማ) ያስብ ነበር። ላውተን ይህን ሲሰማ የፊልሙን ሙዚቃ ደራሲ ዋልተር ሹማንን አስጠራው፤ ትዕይንቱ ዋልስ ተሠራለት። ግድያ በዋልስ! በዘመኑ እንግዳ ቢመስል አይገርምም።

ከዚያ የወንዙ ሥር ይመጣል። ዊላ በመኪናዋ ውስጥ ተቀምጣ ፀጉሯ ከውኃው ሣር ጋር ወደ አንድ አቅጣጫ ይፈስሳል። ከሰም የተሠራ ምስል ነው፤ ይህን እያወቅሁም በየጊዜው እስትንፋሴን እይዛለሁ።

ፍቅርተ እንዲህ ጻፈች፦

ሁላችሁም ስትስማሙ ዝም ማለት ከበደኝ። እኔ ክራውዘር ልክ ነበር እላለሁ።

የመጀመሪያው አንድ ሰዓት ጉሮሮ ያንቃል። ልጆቹ በጀልባ ወንዙን ከያዙ በኋላ ግን ፊልሙ ሌላ ነገር ይሆናል። የሸረሪት ድር፣ እንቁራሪት፣ ጥንቸሎች፣ ኤሊ፣ ጉጉት በየተራ ከካሜራው ፊት ይቀመጣሉ፤ ፐርል ትዘፍናለች፤ ጀልባዋ ከኋላ ቀስ ብላ ታልፋለች። ውብ ነው፤ አልክድም። ግን የሚያሳድደው ሰው የት ሄደ? ከዚያ ልጆቹን የምታስጠጋቸው የአሮጊቷ የራሔል (የጊሽ) እርሻ ይመጣና የሰንበት ትምህርት ቤት ይሆናል። ፓወልን የሚጫወተው ሮበርት ሚቸምም ቢሆን በየቦታው ልኩን ያልፋል። ምድር ቤቱ ደረጃ ላይ ሁለት እጁን ዘርግቶ ልጆቹን ሲያባርር፣ የማሰሮው መደርደሪያ ሲወድቅበት፣ ጣቶቹ በር ሲይዛቸው የለየለት ቀልድ ነው የሚመስለው። እየፈራሁ ሳለ ለምን ያስቁኛል? «የልጅ ዓይን» የሚለው መልስ እያንዳንዱን ድክመት የሚሸፍን ጋቢ እንዳይሆን እፈራለሁ።

የወንዝ ዳር እንዲህ ጻፈ፦

እህቴ ፍቅርተ፣ ስለ ጋቢው ያልሽው ተገቢ ማስጠንቀቂያ ነው። ስለዚህ «የልጅ ዓይን» የሚለውን ትቼ ከፊልሙ አንድ ነገር ላሳይሽ፤ ሁለተኛው ክፍል ባይኖር የማይኖር ነገር።

መጀመሪያ ላይ አባትየው ሲያዝ ፖሊሶቹ መሬት ላይ ይጥሉትና እጁን ወደ ኋላ ያስሩታል። ጆን ቆሞ ያያል፤ ሆዱን በእጁ ይይዛል፣ እንደ ታመመ ሰው። ከሰዓት በላይ ቆይቶ፣ በእርሻው ግቢ፣ ፓወል ሲያዝ ያው ነገር ይደገማል። ፖሊሶቹ በተመሳሳይ መንገድ ይጥሉታል፤ በተመሳሳይ መንገድ ያስሩታል። ጆን እንደገና ሆዱን ይይዛል። እንደሚደሰት ትጠብቂያለሽ። እሱ ግን አሻንጉሊቷን ነጥቆ ሮጦ ይሄድና የታሰረውን ሰው በእሷ ይደበድበዋል፤ እየጮኸም «አባዬ፣ ውሰደው! መልሰህ ውሰደው! በዛብኝ፣ አልችልም!» ይላል። ገንዘቡ ከአሻንጉሊቷ ሆድ እየተበተነ በገዳዩ ላይ ይዘንባል።

እናቱን የገደለውን ሰው «አባዬ» አለው። ይህን ትዕይንት የእርሻው ዝግታ ነው የሚያዘጋጀው። ልጁ መጀመሪያ የሚበላው፣ የሚታጠብበት፣ የሚተኛበት ቤት ማግኘት ነበረበት። ሸክሙን ማውረድ የቻለው የሚያርፍበት ስላገኘ ነው። ክራውዘር ተበላሸ ያለው ይህን ነው።

መምህር ከደሴ እንዲህ ጻፉ፦

ልጆቼ፣ ውይይታችሁን በደስታ እየተከታተልኩ ነው። እኔ ጡረታ የወጣሁ የቋንቋ መምህር ነኝ፤ ስለ ካሜራ ብዙ አላውቅም። ስለ ቃሉ ግን ልናገር።

ፊልሙ የሚከፈተው በወንጌል ነው። ጊሽ በከዋክብት መካከል ሆና ለልጆች ታነብባለች፦ «የበግ ለምድ ለብሰው ከሚመጡባችሁ በውስጣቸው ግን ነጣቂዎች ተኩላዎች ከሆኑ ከሐሰተኞች ነቢያት ተጠንቀቁ።» በእኛ አገር ይህን ጥቅስ የማያውቅ ሰው ማግኘት ይከብዳል። የታሪኩን ፍች ገና በመጀመሪያው ደቂቃ ይነግረናል ማለት ነው። ልብ አንጠልጣይ ፊልም ፍቹን ሲደብቅ ነበር የማውቀው። እዚህ ተመልካቹም ያውቃል፣ ትንሹ ጆንም ያውቃል፤ የማያውቁት አዋቂዎቹ ብቻ ናቸው። የአይስክሬም ቤቷ ሴትዮ አይሲ ስፑን ወጣቷን መበለት አግቢው እያለች ወተወተቻት። ኋላ ደግሞ ይሰቀል ብላ ከፊት ሆና ሕዝብ የምታነሳሳው እሷው ናት።

አንዳንዱ ፊልሙ በእምነት ላይ የተነሳ አድርጎ ወስዶታል። እኔ ተቃራኒውን ነው ያየሁት። ሌሊቱን አስታውሱ። አሮጊቷ ራሔል በተወዛዋዥ ወንበሯ ላይ ጠመንጃዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ቤቷን ትጠብቃለች። ሰውየው ከአጥሩ ውጭ ተቀምጦ «በዘላለም ክንዶች ላይ መደገፍ» የሚለውን የቆየ መዝሙር ይዘምራል። እሷም ትቀበለዋለች። አንድ መዝሙር፣ አንድ ዜማ፣ ሁለት ልብ። ጆሯችሁን ጣል ብታደርጉ ግን የሚዘምሩት አንድ አይደለም። እሱ «መደገፍ፣ መደገፍ» ብቻ ይላል፤ የተደገፈበትን አይጠራም። የኢየሱስን ስም የምታስገባው እሷ ናት። ይህን ያስተዋልኩት በሦስተኛው እይታ ነው፤ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ፍቅርተ፣ አንቺ ሰንበት ትምህርት ቤት ያልሽው ይህ ከሆነ፣ ጠመንጃ የያዘች የሰንበት ትምህርት ቤት መምህርት እኔ አላየሁም።

አቤል ከሲልቨር ስፕሪንግ እንዲህ ጻፈ፦

መምህር፣ ስለ መዝሙሩ ያሉትን ሳነብ ትዕይንቱ ፊቴ መጣ። እዚህ በትልቅ ስክሪን ነበር ያየሁት፤ አዳራሹ ጸጥ ብሎ ነበር።

አንድ ጥያቄ አለኝ። ላውተን ልጆችን አይወድም ነበር፣ ሁለቱን ሕፃናት ያሠራቸው ሚቸም ነው ሲባል ሰምቻለሁ። ስክሪፕቱንም ጄምስ ኤጂ አበላሽቶት ላውተን እንደ አዲስ ጻፈው ይባላል። እውነት ከሆነ ስለ ልጅነት ይህን ያህል የሚያውቅ ፊልም እንዴት ከእንዲህ ዓይነት ሰው ወጣ?

ጥቁርና ነጭ እንዲህ ጻፈ፦

አቤል፣ ሁለቱም ለአሥርተ ዓመታት በመጻሕፍት ሲደጋገሙ የኖሩ ወሬዎች ናቸው፤ ሁለቱንም ማስረጃ አፍርሷቸዋል።

ላውተን ሲቀርጽ ካሜራውን በየመሃሉ አያስቆምም ነበር፤ እያስኬደ ተዋናዮቹን ያናግራል። ከፊልሙ የተረፈውን ጥሬ ቅጂ ባለቤቱ ኤልሳ ላንቸስተር አቆይታ በ1974 ለአሜሪካ ፊልም ተቋም ሰጠችው፤ ከ80,000 ጫማ በላይ ፊልም። በ1981 ወደ ሎስ አንጀለስ፣ ወደ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የፊልም ማኅደር ተዛወረ። እዚያ ሮበርት ጊትና ባልደረቦቹ ሃያ ዓመት ያህል ሠርተውበት በ2002 የሁለት ሰዓት ተኩል ዘጋቢ ፊልም አወጡ። እዚያ የላውተን ድምፅ ከካሜራው ጀርባ ይሰማል። ጆንንና ፐርልን ለሚጫወቱት ለቢሊ ቻፒንና ለሳሊ ጄን ብሩስ ቃሉን እያለላቸው፣ እያባበለ፣ እንደገና እያስደገመ። ልጆችን የሚጠላ ሰው ድምፅ አይደለም።

ኤጂን በተመለከተም እንዲሁ ነው። ፊልሙ ከመታየቱ በፊት በግንቦት 1955 ሞቷል፤ ስለዚህ ራሱን መከላከል አልቻለም። የመጀመሪያ ረቂቁ በ2004 ሲገኝ 293 ገጽ ሆኖ ተገኘ፤ ለአንድ ፊልም እጅግ ረጅም ነው፤ ላውተንም በብርቱ ቀንሶታል። ግን በፊልሙ የምናያቸው ብዙ ትዕይንቶች እዚያ አሉ። የልቦለዱ ደራሲ ዴቪስ ግራብም ትዕይንቶቹን በሥዕል እየነደፈ ለላውተን ይልክለት ነበር። ታሪኩን ያነሳሳው ደግሞ ሃሪ ፓወርስ የተባለ እውነተኛ ሰው ነው፤ ሁለት ሴቶችንና ሦስት ሕፃናትን ገድሎ በ1932 ግራብ በተወለደባት በመውንድስቪል ተሰቅሏል።

የሁለት ልጆች እናት እንዲህ ጻፈች፦

እስካሁን ስለ ጆን ብቻ ነው የተወራው። ስለ ፐርል ልናገር፤ እኔ ያለቀስኩት በእሷ ነው።

ፐርል ግቢው ውስጥ ተቀምጣለች። ከአሻንጉሊቷ ሆድ ሁለት የወረቀት ገንዘብ አውጥታ በመቀስ ቆርጣቸዋለች፤ አንደኛው ፐርል፣ ሌላው ጆን ነው። ሰው የሞተበት፣ አባቷ የተሰቀለበት፣ እናቷ የምትታረድበት ገንዘብ በእሷ እጅ ሁለት የወረቀት ልጆች ሆኗል። ፓወል ሲመጣ ጆን በጥድፊያ ብሩን መልሶ ይጠቀጥቃል፤ የተቆረጡት ሁለቱ ግን ነፋስ ይዟቸው በሰውየው እግር አጠገብ እየተንከባለሉ ያልፋሉ። ሰውየው አያያቸውም። እኔ ወንበሬ ላይ አልነበርኩም።

በዚህ ፊልም ማንም የማያነሳው ቂም አለኝ፤ በአባትየው ላይ። ሐያስያን ሁሉ ተኩላው ፓወል ነው ይላሉ፤ ልክ ናቸው። ነገር ግን የዚያን ልጅ ልጅነት መጀመሪያ የወሰደው አባቱ ነው። ሲያስምለው ፊቱን እዩት፤ ይወደዋል። በፍቅር ነው ያን ሁሉ የጫነበት። የተራቡ ልጆች አንገብግበውት የሰረቀ ሰው በልጁ ትከሻ ላይ ከረሃብ የሚከብድ ነገር አስቀመጠ። ጆን ለእናቱ እንኳ መናገር አይችልም፤ ቢነግራት ምናልባት ትተርፍ ነበር እያልኩ አስባለሁ። የወንዝ ዳር፣ አንተ ያነሳኸው «አባዬ፣ ውሰደው» የሚለው ጩኸት ለእኔ ትርጉሙ ይህ ነው። በትክክል ለባለቤቱ ነው የመለሰው፤ ተሳስቶ «አባዬ» አላለም።

ከአሥራ አንድ ዓመት ልጄ ጋር ነበር ያየሁት (ለትንሿ ገና ነው)። ፍርድ ቤት ጆን ሰውየውን እንዲያመለክት ሲጠየቅ ዝም ይላል፤ ቀና ብሎም አያየውም። «ለምን አይናገርም?» ብዬ ልጄን ጠየቅሁት፤ ፈርቶ ነው እንዲለኝ ጠብቄ። «ደክሞት ነው» አለኝ።

አቤል ከሲልቨር ስፕሪንግ እንዲህ ጻፈ፦

እህቴ፣ ልጅሽ ከብዙ ሐያሲ ይበልጣል።

የወንዝ ዳር እንዲህ ጻፈ፦

ስለ አባትየው ያልሽው እኔ ያላሰብኩት ነው፤ አመሰግናለሁ። የፊልሙን ሰቃይ፣ ባርትን፣ አስታውሱ። ቤንን ሰቅሎ ቤቱ ይገባል፣ እጁን ይታጠባል፣ የተኙ ልጆቹን ያያል፤ ወደ ማዕድን ቆፋሪነቱ ብመለስ ይሻለኝ ነበር ብሎ ለሚስቱ ይነግራታል። በመጨረሻ ፓወልን ሊሰቅል ሲጠበቅ ግን ደስ ብሎታል። አዋቂዎቹ ምንም አልተማሩም። አጎት በርዲ እንኳ፣ ልጁ የሚታመነው ብቸኛ ሰው፣ የዊላን ሬሳ ውኃ ውስጥ አይቶ በእኔ ያመካኙብኛል ብሎ ፈራ። ልጆቹ ነፍሳቸውን ይዘው ሲደርሱ ሰክሮ ተዘርሯል።

ወደ ሐያስያኑ ልመለስና፣ ሁሉም ፊት ነሱት ማለቴ ልክ አልነበረም። ፈረንሳይ ውስጥ ገና ወጣት ሐያሲ የነበረው ፍራንሷ ትሩፎ በ1956 በፍቅር ጽፎለታል፤ በእውነት የሚሞክር፣ ፈልጎም የሚያገኝ ሲኒማ ነው አለው። አሜሪካ ውስጥ ሐያሲው ሮጀር ኢበርት በ1996 ከታላላቆቹ ፊልሞች ዝርዝሩ አስገባው። በ1992 የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ለትውልድ ከሚጠበቁት ፊልሞች መዝገብ ላይ አሰፈረው። በ2008 የፈረንሳዩ የፊልም መጽሔት ካይዬ ዱ ሲኔማ ባሳተመው የመቶ ፊልሞች ዝርዝር ሁለተኛ ደረጃ ላይ ነው፤ ከላዩ ያለው «ሲቲዝን ኬን» ነው።

ፍቅርተ እንዲህ ጻፈች፦

ዛሬ ማታ ሁለተኛውን ክፍል ብቻ እንደገና አየሁ። ቃል በቃል ልንገራችሁ።

ስለ ሚቸም አልተለወጥኩም። ምድር ቤቱ አሁንም አይጥመኝም፤ የመማረሪያ ቦታዬ ነው። ደረጃ የሚሰጠው ዝርዝርም አያሳምነኝም፤ ዝርዝር ፊልምን አያሻሽልም።

ስለ ወንዙ ግን ተሳስቻለሁ። «የሚያሳድደው ሰው የት ሄደ?» ብዬ ነበር። የትም አልሄደም። ልጆቹ በጎተራ ውስጥ ሲተኙ ጆን ከሩቅ ዝማሬ ይሰማል። ቀና ሲል ከአድማሱ ጫፍ ላይ ፈረስ የተቀመጠ ትንሽ ጥቁር ቅርጽ ያልፋል፤ ያው መዝሙር፣ ያው እርጋታ፣ ሳይቸኩል። «አይተኛም እንዴ?» ይላል ልጁ። ባለፈው ጊዜ ይህን አይቼ እንዳላየሁ አልፌው ነበር። አይቸኩልም፤ ልጅ ሲሸሽ የሚያስፈራው የማይቸኩለው ነው።

መምህር፣ ስለ መዝሙሩ ያሉትን ይዤ ያን ሌሊት እንደገና አዳመጥኩ። እውነትዎን ነው፤ ስሙን የምትጠራው እሷ ብቻ ናት። ከዚያ ራሔል ከምታሳድጋቸው ልጆች አንዷ፣ ሩቢ፣ ሻማ ይዛ ትገባለች፤ ብርሃኑ የመስኮቱን ወንፊት ሲያነጣው ውጭ ያለው ሰው ከዓይን ይጠፋል። ራሔል ቶሎ እፍ ብላ ሻማውን ታጠፋዋለች። ሰውየው ከቦታው የለም።

የገና ስጦታው ላይ ስደርስ ግን አቆምኩት። ሌሎቹ ልጆች ለራሔል ስጦታ ይዘው ይመጣሉ፤ ጆን ምንም የለውም። ጎንበስ ብሎ ከቅርጫት አንድ ፖም ያነሳል፤ ከጠረጴዛው ዳንቴል አንዱን ወስዶ ይጠቀልለዋል። እዚያ ላይ ገታ አድርጌ ቀሪውን ለነገ አቆየሁት።